የመኖ ኢንዛይም ለሥጋ ዶሮ፦ ከመግዛት እስከ መቀላቀል

ኢንዛይም መኖ አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዱቄት ለዶሮዋ ፕሮቲንም፣ ኃይልም፣ ፎስፈረስም አይጨምርላትም። ሥራው በቆሎው፣ አኩሪ አተሩና ፉርሽካው ውስጥ ተቆልፎ የቀረውን መፍታት ነው። ስለዚህ ኪሳራው በሁለት በኩል ይመጣል። አንዳንዱ ፎርሙላውን ሳይነካ ኢንዛይሙን ከላይ ብቻ ይጨምርና የተፈታው ንጥረ ነገር በኩስ ይወጣበታል። ሌላው ደግሞ የሚፈታ ነገር በሌለበት መኖ ላይ ይጨምርና ብሩን ይበትናል።

ይህ መመሪያ መኖ ራሳቸው ለሚቀላቅሉ፣ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ የሥጋ ዶሮ ለሚያሳድጉ ነው። የተዘጋጀ ሙሉ መኖ የምትገዙ ከሆነ ግን ምንም አትጨምሩ፤ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ፋይቴዝ (በእህል ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ የሚፈታ ኢንዛይም) አስገብቶበታል፣ ፎርሙላውንም በዚያው ልክ አስተካክሎታል። በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ ጨምራችሁ የምትጠቀሙበት ኮንሰንትሬትም ላይ ይኸው ነው። ከረጢቱ ላይ የተሰፋውን ወረቀት አንብቡ፣ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ መክፈል ዋጋ የለውም።

ዶሮዋ የምትችለውና የማትችለው

ስታርች የሚፈጭ አሚሌዝ፣ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ፔፕሲንና ትሪፕሲን፣ ስብ የሚበትን ላይፔዝ ዶሮዋ ራሷ ታመርታለች። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተለይ ስብ መፍጨት ላይ ደካማ ናት፤ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል። በደንብ የማትችላቸው ነገሮች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ፋይቴት ነው። በእህልና በቅባት እህል ፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የተቀመጠው በዚህ መልክ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ላይ ፎስፈረሱ አለ ተብሎ ይጻፋል፣ ዶሮዋ ግን አብዛኛውን አታገኘውም። ፋይቴት በዚህ አያበቃም፤ ካልሲየም፣ ዚንክና ብረት ይይዛል፣ ከፕሮቲንም ጋር ይጣበቃል። ዶሮዋ በሰውነቷ ካለው ፎስፈረስ አራት አምስተኛ ያህሉን የምታስቀምጠው አጥንቷ ውስጥ ስለሆነ፣ እጥረቱ መጀመሪያ የሚታየው እግሯ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስታርች ያልሆነው የእህል ግድግዳ ነው፤ በስንዴ ላይ አራቢኖዛይላን፣ በገብስ ላይ ቤታ ግሉካን ይባላል። ውኃ ሲያገኝ እንደ አጥሚት ይወፍራል። አንጀት ውስጥ የወፈረ ነገር የዶሮዋን የራሷን ኢንዛይሞች ከምግቡ ጋር እንዳይገናኙ ያደርጋል፣ የተፈጨውም ወደ ደም ቶሎ አይገባም። ኩሱ ይጣበቃል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ የአሞኒያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

1. መጀመሪያ መኖአችሁን እዩ

የሚገዛውን ኢንዛይም የሚወስነው ፎርሙላችሁ ነው፣ የሻጩ ምክር አይደለም።

መኖው በቆሎና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ከሆነ ዋናው ፋይቴዝ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ የሚያወላዳ ውጤት የሌለው፣ በስሌትም ለመያዝ የሚቀለው እሱ ስለሆነ በጀቱ ለአንድ ኢንዛይም ብቻ ከበቃ እኔ ሌላውን አላስብም። እግረ መንገድ፦ ፋይቴዝ እ.ኤ.አ. በ1991 በኔዘርላንድስ ለገበያ ሲቀርብ ከጀርባው የነበረው ትልቁ ግፊት ዲሲፒ (ዲካልሲየም ፎስፌት፣ መኖ ላይ ለፎስፈረስና ካልሲየም የሚጨመረው ዱቄት) መቆጠብ አልነበረም፤ ከከብትና ዶሮ እርባታ ወደ አፈርና ውኃ የሚፈስሰውን ፎስፈረስ መቀነስ ነበር።

የስንዴ ፉርሽካ፣ ፉርሽኬሎ ወይም ስንዴው ራሱ በብዛት ከገባ አራቢኖዛይላንን የሚፈታው ዛይላኔዝ፣ ገብስ ከገባ ቤታ ግሉካንን የሚፈታው ቤታ ግሉካኔዝ ይታሰባል። በሦስትና በአራት ኪሎ ፉርሽኬሎ ምክንያት ግን ዛይላኔዝ መግዛት ትርፉ አይታይም።

የኑግ ፋጉሎ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ላይሲኑ (ከፕሮቲን መገንቢያዎች አንዱ) ትንሽ፣ ገለባው ብዙ ነው። የገለባው ትልቅ ክፍል እንጨት መሰል ሊግኒን ስለሆነ በገበያ ያለ የመኖ ኢንዛይም አይፈታውም። ፋይቴዝ ከኑጉ ፎስፈረስ ያወጣላችኋል፤ ኑጉን ወደ አኩሪ አተርነት ግን አይለውጠውም።

ፕሮቲን የሚቆራርጠውን ፕሮቲዬዝን በተመለከተ ደግሞ፦ ያልተቆላ አኩሪ አተር ውስጥ የዶሮዋን ትሪፕሲን የሚያግድ ነገር አለ። እሱን የሚያጠፋው በትክክለኛ ሙቀት መቁላት ነው። ጥሬውን አኩሪ አተር ፈጭቶ ፕሮቲዬዝ በላዩ መነስነስ መፍትሔ አይሆንም። የሻገተ በቆሎም እንዲሁ፤ ለሻጋታ መርዝ እነዚህ ኢንዛይሞች አልተሠሩም።

2. የእሽጉን ጽሑፍ ማንበብ

የፋይቴዝ ጉልበት የሚለካው በአሃድ ነው፤ በብዛት ኤፍቲዩ ይባላል። አንድ ኤፍቲዩ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ5.5 ፒኤች በአንድ ደቂቃ አንድ ማይክሮሞል ፎስፌት ከፋይቴት የሚያወጣ መጠን ነው። ለሥጋ ዶሮ የተለመደው መነሻ በኪሎ መኖ 500 ኤፍቲዩ ነው።

ገበያ ላይ በግራም 5,000 ኤፍቲዩ ያለውም፣ 10,000 ያለውም ይገኛል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ኩንታል መኖ 100 ኪሎ ነው፣ 100 በ500 ሲባዛ 50,000 ኤፍቲዩ። ባለ 5,000 ከሆነ 10 ግራም፣ ባለ 10,000 ከሆነ 5 ግራም ለኩንታል። ዋጋ ስታወዳድሩ ኪሎውን ከኪሎ ጋር ሳይሆን፣ አንድ ቶን መኖ ለማከም የሚፈጀውን ብር ከብር ጋር አስተያዩ። ርካሽ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። የተለያየ የአሃድ ስም የተጻፈባቸው ምርቶች ደግሞ የሚለኩት በተለያየ ዘዴ ሊሆን ስለሚችል ቁጥራቸውን ብቻ ይዞ አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። እሽጉ ተከፍቶ በትንንሽ ፌስታል የሚሸጥ ኢንዛይም አትግዙ፤ ምን እንደሆነና መቼ እንደተከፈተ ማንም አይነግራችሁም።

ቤት ስትወስዱት ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከኮሊን ክሎራይድና ከማዕድን ፕሪሚክስ ጋር አደባልቃችሁ ለሳምንታት አታቆዩት። ኮሊኑ እርጥበት ይስባል፣ ማዕድናቱም ኢንዛይሙን ያዳክሙታል። ለየብቻ አስቀምጣችሁ በመቀላቀያው ቀን ብቻ አገናኟቸው።

3. ፎርሙላውን ማስተካከል

ገንዘቡ ያለው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አምራቹ «ይህን ያህል ኢንዛይም ይህን ያህል ፎስፈረስና ካልሲየም ይተካል» ብሎ የሚሰጠው ቁጥር ማትሪክስ ይባላል። በ500 ኤፍቲዩ ብዙዎቹ ከ0.10 እስከ 0.15 በመቶ የሚጠጋ ጠቃሚ ፎስፈረስ (ዶሮዋ ልትጠቀምበት የምትችለው) ያስቀምጣሉ። እኔ የምጀምረው ከታችኛው፣ ከ0.10 ነው።

ለማሳያ ከ11ኛው ቀን በኋላ የሚሰጥ የአንድ ኩንታል የእድገት መኖ እንውሰድ፦ በቆሎ 60.1 ኪሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 30 ኪሎ፣ ፉርሽኬሎ 4 ኪሎ፣ ዘይት 2 ኪሎ፣ ዲሲፒ 1,700 ግራም፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1,100 ግራም፣ ፕሪሚክስ 500 ግራም፣ ጨው 300 ግራም፣ ሜታዮኒን 200 ግራም፣ ላይሲን 100 ግራም። ይህ መኖ ወደ 0.43 በመቶ ጠቃሚ ፎስፈረስና ወደ 0.88 በመቶ ካልሲየም አለው፤ ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው።

ፋይቴዙ 0.10 በመቶ ከሰጠን፣ በኩንታል 100 ግራም ፎስፈረስ ማለት ነው። ዲሲፒ 18 በመቶ ፎስፈረስ ከያዘ፣ 100ን በ0.18 ስናካፍል 555 ግራም ይመጣል። ዲሲፒውን ከ1,700 ወደ 1,145 ግራም እናወርዳለን።

አሁን ካልሲየሙ። የቀነስነው ዲሲፒ ካልሲየምም ነበረው፤ 22 በመቶ ብንል 122 ግራም አጥተናል። ፋይቴዙ ከፋይቴት ጋር ከታሰረው 100 ግራም ቢመልስልን 22 ግራም ይጎድለናል፤ 38 በመቶ ካልሲየም ባለው የኖራ ድንጋይ 60 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ኖራው ከ1,100 ወደ 1,160 ይሆናል። ከሁለቱ የተረፈው 495 ግራም ቦታ በበቆሎ ይሞላል፣ 10 ግራም ፋይቴዝ ይገባል። በቶን ስናሰላው 5 ኪሎ ተኩል ዲሲፒ በ100 ግራም ኢንዛይምና በ5 ኪሎ ገደማ በቆሎ ተተካ ማለት ነው። የሦስቱን የዕለቱን ዋጋ አስገቡና ትርፉን ራሳችሁ እዩ።

የዲሲፒያችሁ ይዘት ከ18 በመቶ ከተለየ፣ ወይም በዲሲፒ ፋንታ የአጥንት ዱቄት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በዚያው መንገድ በራሱ ቁጥር አስሉት። የአጥንት ዱቄት ከምንጭ ምንጭ በጣም ስለሚለያይ ሳይመረመር በእሱ ላይ ስሌት መመሥረት አያዋጣም።

አንድ ማመሳከሪያ ላንሣ። በዚህ ፎርሙላ ውስጥ ያለው የፋይቴት ፎስፈረስ በጠቅላላ 0.26 በመቶ ገደማ ነው። 0.10 መጠየቅ ከሱ አርባ በመቶ ያህሉን ፍታልኝ ማለት ነው፤ ይሆናል። በዚያው በ500 ኤፍቲዩ 0.20 እሰጣለሁ የሚል ወረቀት ካገኛችሁ ግን ከመኖው የፋይቴት ፎስፈረስ ሦስት አራተኛውን ሊያወጣ ቃል እየገባ ነውና አትቸኩሉ።

ካልሲየም ሲበዛ ፋይቴዝ ይዳከማል። ካልሲየሙ ፋይቴቱን ይይዝና ኢንዛይሙ የማይደርስበት የማይሟሟ ነገር ያደርገዋል። «ለአጥንት ጥሩ ነው» እየተባለ በአካፋ የሚጨመር ኖራ የፋይቴዙን ብር ይበላዋል። በጣም የላመ የኖራ ዱቄትም በፍጥነት ስለሚሟሟ ከሸካራው የባሰ ነው።

የጀማሪ ጫጩት መኖ ላይ፣ እስከ 10ኛው ቀን፣ እኔ ግማሹን ማትሪክስ ብቻ እይዛለሁ። በዚያ ዕድሜ የተበላሸ አጥንት በኋላ አይካስም፤ የሚበሉትም ትንሽ ስለሆነ ቁጠባው ኢምንት ነው።

ዛይላኔዝ ከጨመራችሁ አምራቹ የኃይል ማትሪክስ ይሰጣል፣ በኪሎ መኖ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ካሎሪ። ይህ የሚሠራው የስንዴ ተረፈ ምርቱ በርከት ሲል ነው። ሁለት ሦስት ኢንዛይም አንድ ላይ ስታስገቡ ደግሞ ማትሪክሶቻቸውን ደምራችሁ አትቀንሱ፤ አንዱ የፈታውን ሌላው ደግሞ ሊፈታው አይችልም።

4. አሥር ግራም በኩንታል ውስጥ

አሥር ግራም ከመቶ ኪሎ ጋር እኩል ካልተዳረሰ፣ ስሌቱ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። አንዷ ዶሮ የሦስቷን ትበላለች፣ ሦስቱ ምንም አያገኙም፤ ዲሲፒው ደግሞ ለሁሉም ቀንሷል።

የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሿን ዲጂታል ሚዛን ግዙ። በማንኪያ አትለኩ፤ ላም ያለውና ፍርፍር ያለው ኢንዛይም በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም። ከመክፈታችሁ በፊት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ ብናኙ በመተንፈሻ ሲገባ አለርጂና አስም ሊያስነሣ ይችላል።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ አስፉት፦

መጀመሪያ 10 ግራሙን ከ200 ግራም የላመ ፉርሽኬሎ ጋር ክዳን ባለው ማሰሮ ወይም ጣሳ ውስጥ አድርጉ፣ አንድ ሦስተኛውን ባዶ ተዉለት፣ እያገላበጣችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ናጡት።

ያንን በሳፋ ውስጥ 2 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ላይ ጨምራችሁ በእጅ እሹት። ፕሪሚክሱ፣ ላይሲኑና ሜታዮኒኑ እዚህ ይግቡ።

ከዚያ 10 ኪሎ በቆሎ ጋር በሸራ ላይ ቀላቅሉ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ዋናው የሚሄደው።

ማሽን ካላችሁ ግማሹን በቆሎ አስቀድሙ፣ ይህን ቅልቅል ቀጥሎ፣ የቀረውን በቆሎና ፋጉሎ ከላይ አድርጉ። ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ደቃቁ ዱቄት ተጠቅልሎ ይቋጥራል። የቆመው ዓይነት ማደባለቂያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፣ የተጋደመው ከ3 እስከ 5 ይበቃዋል። የቆመው ማሽን ከሥሩ የሚቀር መኖ አለው፤ የመጀመሪያውን የወረደ ግማሽ ኩንታል መልሳችሁ ከላይ ክተቱት።

በአካፋ የምትቀላቅሉ ከሆነ ሲሚንቶ ወለል ወይም ሸራ ላይ ክምሩን ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን ሙሉ በሙሉ አዛውሩት፣ ቢያንስ አምስት ጊዜ፤ በየጊዜው አዲሱን ክምር ጫፍ ላይ እየጣላችሁ። ክምሩን ባለበት ማማሰል መቀላቀል አይደለም።

መዳረሱን ለማየት ቀላል ዘዴ አለ። በአንዱ ኩንታል ላይ ከኢንዛይሙ ቅልቅል ጋር አንድ እፍኝ ቀይ ማሽላ ጨምሩ። ተቀላቅሎ ሲያልቅ ከተለያየ ቦታ አሥር እኩል ጣሳ ናሙና አውጡና በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን ማሽላ ቁጠሩ። ማሽላው ከዱቄት ስለሚተልቅ ፍርዱ ግምታዊ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ጣሳ ላይ 4፣ ሌላው ላይ 20 ከተገኘ ጊዜው አጥሯል ወይም አካፋው ሰንፏል።

የተቀላቀለውን መኖ ከሦስት ሳምንት በላይ አታቆዩ፣ በክረምትና በቆላ ደግሞ ከዚያም አሳጥሩት።

መኖውን ወደ ፔሌት ማሽን የምትልኩ ከሆነ እንፋሎቱ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ጠይቁ። 80 እና 85 ዲግሪ ላይ ያልተሸፈነ ኢንዛይም ብዙ ጉልበቱን ያጣል። ወይ ሙቀት የሚቋቋመውን ግዙ፣ ወይ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚረጨውን ፈሳሽ። በዱቄት መልክ ለምትሰጡ ይህ ችግር የለም።

5. ቤቱ ውስጥ ምን ይታያል

በየሳምንቱ ከየማዕዘኑ የተወሰኑ ዶሮዎች ያዙ። ምንቁሯን በጣት ጫን አድርጉ፤ እንደ ጎማ ከታጠፈ ፎስፈረስ ወይም ካልሲየም ወይም ቫይታሚን ዲ ጎድሏል። መራመድ የሚከብዳቸው፣ በጉልበታቸው የሚቀመጡ ከበዙ ዲሲፒውን ወዲያው ወደ ድሮው መልሱና ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ፈልጉ። ሲታረዱም የእግር አጥንቱን ስበሩት፦ ጤነኛው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ የተጎዳው ይለመጣል።

ጉዝጓዝ ሲረጥብ ሁሉንም በኢንዛይም ማሳበብ አይገባም። ኩሱ የሚጣበቅና ኋላቸው ላይ የሚለጠፍ ከሆነ የእህል ግድግዳው ነገር ሊሆን ይችላል። ውኃ ከሆነ ጨው በዝቶ እንደሆነ፣ መጠጫው እንደሚያፈስስ እዩ። ደም ካለበት ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ጠርጥሩና ባለሙያ ጥሩ።

ከቢሾፍቱ ወደ ላይ፣ ከ1,900 ሜትር በላይ ላይ የምታሳድጉ ሆዳቸው ውኃ የሚቋጥርባቸው ዶሮዎች ታያላችሁ። ይህ ከአየሩ መሳሳትና ከፈጣን እድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ ኢንዛይሙን ብታቆሙ አይድንም። ብርድና የአየር መታፈንን መቀነስና በሁለተኛው ሳምንት መኖውን በመጠኑ መቆጣጠር ነው የሚረዳው።

ደንበኛ «ምን እየጨመራችሁባቸው ነው?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ቀላል ነው። ኢንዛይም ሆርሞንም አንቲባዮቲክም አይደለም። ፕሮቲን ስለሆነ ሥራውን ከሠራ በኋላ እንደማንኛውም ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ይፈጫል፤ ከማረድ በፊት የሚቆምበት ቀንም የለውም።

6. ለራሳችሁ መሞከር

ሙሉውን መንጋ ከመቀየራችሁ በፊት በአንድ ዙር ፈትኑት። ቤቱን በወንፊት ሽቦ አራት ቦታ ክፈሉ፣ በእያንዳንዱ 50 ጫጩት፣ ከአንድ ምንጭ በአንድ ቀን የመጡ። አንደኛና ሦስተኛው የድሮውን መኖ፣ ሁለተኛና አራተኛው አዲሱን ይብሉ። ተፈራርቀው የሚቀመጡት በር አጠገብ ያለው ብርድ አንዱን ወገን ብቻ እንዳይጎዳ ነው።

የገባውን መኖ ሁሉ መዝኑ፣ በመመገቢያው የቀረውን ቀንሱ፣ የሞተችውን ዶሮ ክብደት መዝግቡ። በመጨረሻ የተበላውን መኖ በተጨመረው ክብደት አካፍሉ፦ 170 ኪሎ በልተው 100 ኪሎ ከጨመሩ 1.7 ነው።

አዲሱ መኖ ላይ የምትጠብቁት ቁጥሩ ከድሮው እንዳይከፋ ብቻ ነው፤ እድገቱ እኩል፣ እግራቸው ጤነኛ፣ የኩንታሉ ዋጋ ዝቅ ያለ። ኢንዛይሙን ከላይ ብቻ ጨምራችሁ ዲሲፒውን ካልቀነሳችሁ ግን ዋጋው ጨምሯልና ክብደቱ የግድ በልጦ መታየት አለበት። አዲሱን መኖ የበሉት ሁለት ክፍሎች ከድሮዎቹ ከሚለዩት በላይ እርስ በርሳቸው ከተለያዩ፣ ልዩነቱ የመኖው ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ዙር ድገሙትና ከዚያ ወስኑ።